የዳማው አፍንጫ

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ ፈረስ ነው። በፈረስ እንጀምር እንጂ ነገሩ ስለ ራሳችንም ነው። የሠራነውን ስሕተት አንደብቅም። ከተደበቀ ስሕተት ማንም አይማርም።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ባለፈው ክረምት ፊደል ለማስተማር ዘመትን። የደረሰን ጣቢያ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትናንሽ የቡና ከተማዎች በአንዷ ነው። ክረምቱ አልቆ ዩኒቨርሲቲው ሲከፈትም ትምህርቱን አላቋረጥንም። ቅዳሜና እሑድ ከጅማ እየተመላለስን ቀጠልን። ሦስት ነን። አንዳችን ሒሳብ አያያዝ፣ አንዳችን ታሪክ፣ አንዳችን ምሕንድስና እናጠናለን። የእንስሳት ሕክምና የሚያጠና በመካከላችን የለም። ይህን አስቀድመን የምንናገረው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ከተማሪዎቻችን መካከል አንድ ባለጋሪ አሉ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። እኛ «አባባ» እንላቸዋለን፤ እሳቸው «ልጆቼ» ይሉናል። ሁልጊዜ የሚቀመጡት በሩ አጠገብ ነው። አንድ ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ፣ ሌላው ዓይናቸው ደጅ ላይ ነው። ደጅ የታሰረው ዳማቸው ነው። ዳማው ቦቃ ነው። ከግንባሩ የጀመረው ነጭ ወርዶ ወርዶ አፍንጫውንና ከንፈሩን ይይዛል። ከነጩ ፀጉር ሥር ያለው ቆዳ እንደ ሕፃን መዳፍ ቀላ ያለ፣ ስስ ነው።

የአባባ ቤተሰብ የሚኖረው በዚህ ፈረስ ነው። በክረምት በቆሎና እንጨት ይጎትታል። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ቡና ሲለቀም፣ እሸቱን ወደ ማጠቢያ ጣቢያ፣ ጀንፈሉን ወደ ነጋዴ መጋዘን ያመላልሳል። ያ ወቅት ለባለጋሪ የዓመቱ መኸር ነው። በእነዚያ ሁለት ሦስት ወራት ያልሠራ ባለጋሪ፣ ዓመቱን ሙሉ በብድር ይኖራል። ዛሬ በየከተማው ባጃጅ በዝቷል። ቢሆንም ባጃጅ በማይገባበት ጭቃና አቀበት አሁንም የሚገባው ፈረስ ነው።

ጅማ ደግሞ የፈረስን ክብር የሚያውቅ አገር ነው። ከ50 ዓመት በላይ ጅማን የገዙት አባ ጅፋር፣ ስማቸው የፈረሳቸው ስም ነው። በኦሮሞ ባህል ታላቅ ሰው በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» ይባላል። ይኸው ልማድ በሌላውም አገር ነበር። አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ይባሉ ነበር። ራስ አሉላ «አባ ነጋ» ይባሉ ነበር። ፈረስ ለጌታው ስም ይሰጣል። እኛ ግን ለፈረሱ ስም ሰጠነው፤ የሰጠነውም ክፉ ስም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ነው። ዝናቡ አቁሞ ፀሐዩ መክረር ጀምሯል። ከትምህርት በኋላ አባባ ጠሩን። «ልጆቼ፣ እስቲ ዳማዬን እዩልኝ። ፉርሽካ አልበላ አለኝ» አሉን። ወጥተን አየን። የፈረሱ አፍንጫ ቀልቷል፤ ተላልጧል። የከንፈሩ ጥግ ቆስሏል። በአፍንጫው አጥንት ላይ ደግሞ ቅርፊት ያዘለ ቁስል አለ። ዝንብ ሰፍሮበታል። እጃችንን ስናስጠጋ ራሱን ወደ ላይ ወረወረ።

ከእኛ አንዱ በዚያው ሳምንት ስለ ንድፍት አንብቦ ነበር። ንድፍት የጋሪ ፈረስ የሚፈራው በሽታ ነው። ያነበበውን ሊናገር ቸኮለ፤ ሁለታችንም ደገፍነው። «ይኼማ ንድፍት ነው! ተላላፊ ነው! ከሌላ ፈረስ ጋር እንዳይገናኝ!» አልን። በዝግታ አልነበረም የተናገርነው። ተማሪዎቹ ሁሉ ከበውን ቆመው ነበር። ከእነሱም ውስጥ አራቱ ባለጋሪዎች ነበሩ።

አባባ ምንም አልመለሱም። ዛቡን ይዘው ፈረሳቸውን እየመሩ ሄዱ። እኛም በማግሥቱ ወደ ጅማ ተመለስን። ጥሩ ምክር የሰጠን መስሎን ሳምንቱን በሰላም ተኛን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባባ በሩ አጠገብ አልነበሩም። «የት ሄዱ?» ብለን ስንጠይቅ ክፍሉ ዝም አለ። በመጨረሻ አንዲት እናት «እናንተ አይደላችሁም እንዴ ያባረራችኋቸው?» አሉን።

የሆነው ይህ ነው። ወሬው እኛ ከተማውን ሳንለቅ ገበያውን አዳርሶ ነበር። እሑድ ዕለት ዳማው ከሌሎች ፈረሶች ጋር ከገንዳው እንዳይጠጣ ተከለከለ። ሰኞ፣ በቆሎ ሊያስጭኑ የተስማሙ ሰው ሌላ ጋሪ ጠሩ። ማክሰኞ፣ ለቡናው ወቅት ውል የነበራቸው ነጋዴ «የታመመ ፈረስ ግቢዬ አይገባም» አሉ። አንድ ሰው «ተኩሰው» ብሎ መከረ፤ የጋለ ብረት በቁስሉ ላይ አድርግ ማለቱ ነው። ሌላው «ጫካ ልቀቀው፤ ጅብ ይገላግልሃል» አለ።

ማታ ወደ ቤታቸው ሄድን። ዳማው ከጎጆው ጀርባ ለብቻው ቆሟል። አባባ በርጩማ ሰጡን። ቡና ተፈልቶ ቀረበልን። ቡናውን መጠጣት ከበደን። ከዚያ አባባ ተነሥተው ከጓዳ አንድ ቆርቆሮ አመጡ።

«ጎረቤቴ ነው ያመጣልኝ» አሉ። «ይኼን ብትቀባው በአንድ ቀን ትሉም ዝንቡም ያልቃል አለኝ። ልቀባው እጄ ላይ ካፈሰስሁት በኋላ፣ ቆይ እስቲ ብዬ ወደ ኩራዙ አስጠጋሁት። ፊደል አለው። መ… አልኩ። ር… አልኩ። ዝ… አልኩ። ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት። መርዝ! እጄን በሳሙና ታጠብሁ። ፈረሱን አልነካሁትም።»

ቆርቆሮውን ተቀብለን አየን። የእህል ተባይ መግደያ ነበር። በዙሪያው ቀይ መስመር አለበት፤ የራስ ቅልና አጥንትም ተሥሎበታል። ፈረስ ከንፈሩን ይልሳል። ቢቀባ ኖሮ መርዙ በቁስሉም፣ በአፉም ይገባ ነበር። አባባን ያስተማርናቸው ሦስት ፊደል ዳማውን አተረፈ። ይህን ስንሰማ ደስ ሊለን ጀመረ። አባባ ግን አላስጨረሱንም።

«ልጆቼ» አሉ፣ «ልጠይቃችሁ። ያን ቀን ንድፍት ነው ያላችሁት ዓይታችሁ ነው? እግሩን አንሥታችሁ አያችሁ? ደረቱን አያችሁ? አፉን ከፈታችሁ?»

አላየንም ነበር። እውነቱን ተናገርን። «አላየንም፣ አባባ።»

«እኔን ቀስ ብለህ አንብብ፣ ፊደሉን ሳታይ አትገምት ትሉኝ የለም?» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ከዚያ በላይ መናገርም አያስፈልግም ነበር።

ሰኞ ዕለት የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችንን ትተን ከአባባ ጋር ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድን። ዳማውን ከጋሪ ፈተን፣ ያለ ልጓም፣ በቀስታ እየመራን ነው የወሰድነው። ሌሎች እንስሳት ካሉበት ራቅ አድርገን አሰርነው። ክፉው በሽታ ይሁን አይሁን ገና አናውቅምና።

ሐኪሟ ሲመጡ ወደ አፍንጫው አልሄዱም። ይህ አስገረመን። መጀመሪያ ራቅ ብለው አቋሙን አዩ። ከዚያ ጠየቁ። መቼ ጀመረው? መጀመሪያ የታየው የት ላይ ነው? ልጓሙን ሌላ ፈረስ አጥልቆት ያውቃል? ከዚያ ጓንት አጥልቀው አራቱንም እግር ከላይ እስከ ታች በእጃቸው ዳበሱ። ደረቱን፣ አንገቱን፣ የሆዱን ሥር ዳበሱ። ዓይኑን አዩ። የአፍንጫውን ቀዳዳ ውስጥ በመብራት አዩ። ቁስሉን ያዩት በመጨረሻ ነው።

እየዳበሱም ነገሩን ለአባባና ለእኛ አስረዱ። ንድፍትን የሚያመጣው ፈንገስ የሚባል ተዋሲያን ነው። የሻጋታ ዘመድ ነው። በቁስል በኩል ይገባል። ዝንብ ከታመመው ፈረስ መግል ወደ ጤነኛው ቁስል ያደርሰዋል። ከታመመ ፈረስ የተወሰደ ልጓም፣ ኮርቻ፣ መፋቂያም ያስተላልፈዋል። በሽታው ሲይዝ ከቆዳ ሥር እብጠት ይወጣል። እብጠቱ አንድ ብቻ አይደለም። እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተሰልፎ ይወጣል። ከዚያ ይፈነዳል፤ ወፍራም መግል ያወጣል፤ ይደርቃል፤ እንደገና ይፈነዳል። ብዙውን ጊዜ በእግር፣ በደረት፣ በአንገት፣ በፊት ላይ ይታያል። ዓይንንም ሊይዝ ይችላል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሚጠፋ አይደለም፤ ወራት ይቆያል።

«በዳማ ላይ የመቁጠሪያ ፍሬ አላገኘሁም» አሉ ሐኪሟ። «ቢሆንም በእጅ ዳብሶ መናገር አይበቃም።» ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ወስደው በመስታወት ላይ ቀቡ። በማይክሮስኮፕ አዩት። ማይክሮስኮፕ ትንሹን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የንድፍት ተዋሲያን አልታየም።

ከዚያ «ልጓሙን አምጡልኝ» አሉ። አባባ ልጓሙን ከጆንያ አወጡ። የተሠራው ከቤት መሥሪያ ፌሮ ነው። ብየዳው አልተሞረደም፤ ዝጎም ሻክሯል። በአፍንጫው አጥንት ላይ የሚያልፈው ደግሞ ቀጭን የናይለን ገመድ ነው። ሐኪሟ ልጓሙን በዳማው ፊት ትይዩ ያዙት። ሻካራው ብየዳ የሚያርፈው በትክክል የከንፈሩ ቁስል ላይ ነው። ናይለኑ የሚያርፈው በትክክል አጥንቱ ላይ ባለው ቁስል ላይ ነው። የተላላጠው ቆዳ ደግሞ ነጩ ፀጉር ያለበት ብቻ ነው። ዳማ በሆነው ፀጉር ሥር ያለው ጥቁር ቆዳ ምንም አልነካውም። «ይህን ያቃጠለው ፀሐይ ነው» አሉ። «ቀለም የሌለው ቆዳ ፀሐይ አይችልም። ከክረምት በኋላ ፀሐይ ሲከር በቦቃ ፈረስ ላይ እናየዋለን።»

ሦስት ቁስል፣ ሦስት ምክንያት። አንዱም ንድፍት አልነበረም። ለመለየት የሚያስፈልገው ልጓሙን ከጆንያ አውጥቶ ከቁስሉ ጋር ማስተያየት ነበር። እሱንስ እኛም ማድረግ እንችል ነበር።

ሐኪሟ ያዘዙትን እንጻፍላችሁ። ፈረስ ያለው ሰው ቆርጦ ግድግዳው ላይ ቢለጥፈው ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ ቁስሉን ያመጣውን ነገር ማንሣት። ልጓሙ ካልተነሣ መድኃኒት ዋጋ የለውም። ዳማው ለሁለት ሳምንት ልጓም እንዳይገባለት፣ ጋሪም እንዳይጎትት ታዘዘ።

ሁለተኛ፣ ማጠብ። ውኃ ይፈላል፤ ከዚያ ይቀዘቅዛል። በ1 ሊትር ውኃ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ይገባል። በንጹሕ ጨርቅ ጠዋትና ማታ ቁስሉ በቀስታ ይታጠባል። ቅርፊቱ በጥፍር አይላጥም። ጨርቁ ለሌላ ፈረስ አይውልም።

ሦስተኛ፣ ጥላ። ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ ፈረሱ ፀሐይ ላይ አይታሰርም።

አራተኛ፣ ዝንብን መከላከል። ፋንድያው በየቀኑ ተጠርጎ ከቤት ይርቃል። በቁስሉ ላይ የሚቀባውን ቅባት የሚሰጠው ሐኪም ነው። የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ የተባይ መግደያ፣ የጋለ ብረት በቁስል ላይ አይደረግም። እነዚህ ቁስሉን ያሰፉታል፤ ፈረሱንም ሊገድሉት ይችላሉ።

አምስተኛ፣ ልጓሙን ማስተካከል። አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት ልሙጥ መሆን አለበት። ጣታችሁን ብታሻሹበት የማይቧጭር ይሁን። ሲጠለቅ የአፉ ጥግ አንድ ሁለት ሽብሽብ ቢያወጣ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከወጠረ ጠብቋል። በአፍንጫ ላይ የሚያልፈው ከናይለን ይልቅ ሰፋ ያለ ቆዳ ይሁን፤ ወይም ገመዱ በጥጥ ጨርቅ ይጠቅለል። በቆዳውና በአፍንጫው መካከል ሁለት ጣት ይግባ።

በመንገድ ስንመለስ አባባ ቁጥር ይቆጥሩ ነበር። «ሁለት ሳምንት 14 ቀን ነው» አሉ። «ያለፈው ሲጨመር 23 ቀን።» ቁጥር ያስተማርናቸው እኛ ነን። በዚያ ቀን ግን የቆጠሩት ያለ ሥራ የሚያልፈውን ቀን ነበር። ከ23ቱ ቀን ዘጠኙ የእኛ ምላስ ያመጣው ነው።

እሑድ ዕለት በጠዋት ሦስታችንም ወደ ውኃ ገንዳው ሄድን። ባለጋሪዎች የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። «ያለፈው ጊዜ የተናገርነው ስሕተት ነው» ብለን በሁሉም ፊት ተናገርን። «ሳናይ ነው የተናገርነው። ሐኪም አይቶ ንድፍት አይደለም ብሏል።» ቀላል አልነበረም። አንዳንዱ ሳቀ። አንዱ «ተማሪ ሲባል ዝም ብሎ ያወራል» አለ። እውነት ስለነበረ አልተከራከርንም።

አባባ ደግሞ የራሳቸውን ነገር አደረጉ። ከደብተራቸው አንድ ወረቀት ቀደዱ። ማንም ሳይረዳቸው ጻፉ። በገንዳው አጠገብ ባለው ዋርካ ላይ በሚስማር መቱት። የጻፉት ይህ ነው፦ «ፈረሴ ንድፍት የለበትም። ሀኪም አይቶታል። ሌላው ፈረስም ይታይ።» ከዚያ በፊት ከስማቸው በቀር በራሳቸው ሐሳብ የጻፉት ነገር አልነበረም።

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው ከሁሉም በላይ የሠራው። በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪሟ ወደ ገንዳው መጡ። ባለጋሪዎች ፈረሶቻቸውን አሰልፈው አስመረመሩ። ወደ መጨረሻው ግድም የቆመ አንድ ወጣት ባለጋሪ ነበር። የፈረሱ የፊት እግር በጨርቅ ተጠቅልሏል። «ተሰብሮ ነው?» ሲባል ዝም አለ። ጨርቁ ሲፈታ ሦስት እብጠት ከታች ወደ ላይ ተሰልፎ ታየ። አንዱ ፈንድቷል። የመቁጠሪያ ፍሬ የተባለው ያ ነበር። በማይክሮስኮፕም ተረጋገጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለን ጠየቅነው። ቀና ብሎ አየን። «እናንተ በአባባ ላይ ስትናገሩ የኔ አንድ እብጠት ብቻ ነበረው» አለ። «ላሳይ አስቤ ነበር። እሳቸው ላይ የደረሰውን ሳይ ደበቅሁት።»

ይህን ቃል አንረሳውም። እኛ በሽታ የምናስቆም መስሎን ነበር። በተናገርነው የውሸት ስም ምክንያት እውነተኛው በሽታ ተሸሸገ። አንዱ እብጠት ሦስት ሆነ። በዚያ ጊዜ ሁሉ ፈረሱ ከሌሎች ጋር ከአንድ ገንዳ ሲጠጣ ነበር፤ ዝንቡም ከአንዱ ወደ አንዱ ሲበር ነበር።

ንድፍት በአገራችን ቀላል ነገር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት አለ። በ28 ከተማዎች ከ19,000 በላይ የጋሪ ፈረሶች ተመርምረው ነበር። ከ100ው ፈረስ ወደ 19ኙ በሽታው ነበረባቸው። ሞጆ ላይ ከ100ው 39 ደረሰ። በጣም ብርድና ነፋስ በሆነ ደጋ ግን አልተገኘም። በሽታው ሞቅ ያለና እርጥበት ያለው አየር ይወዳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባለው አገር ይበረታል። ጅማም የቡና አገሩም ያሉት በዚሁ ውስጥ ነው።

በሌላ አገርስ እንዴት ሆነ? ከ1899 እስከ 1902 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ጦርነት ነበር። ከዚያ የተመለሱ ፈረሶች በሽታውን ወደ እንግሊዝ አገር ይዘው ገቡ። እንግሊዞች የታመሙትን ፈረሶች እየገደሉ አጠፉት። መንግሥት ያንን ሊያደርግ ይችላል። አንድ ፈረስ ብቻ ያለው ባለጋሪ ግን ፈረሱን ገድሎ ምን ይበላል? ስለዚህ የእኛ መንገድ ቶሎ ማሳየት ነው። በሽታው ገና ሲጀምር ከተያዘ ሐኪም በአዮዲን መድኃኒት ያክመዋል። ብዙ ከቆየ ማዳኑ ይከብዳል፤ ዋጋውም ከአቅም በላይ ይሆናል። የታመመው ፈረስ ለብቻው ይቆማል። ልጓሙ፣ ኮርቻው፣ መፋቂያው ለሌላ አይውልም። የጤነኛው ፈረስ ትንሽ ቁስልም ሳይናቅ ይታከማል፤ በሽታው የሚገባው በዚያ ነውና። የዳማው የልጓም ቁስል ንድፍት አልነበረም። ሳይታከም ቢቆይ ግን ለንድፍት የተከፈተ በር ይሆን ነበር። ልጓም መሞረድ ትንሽ ሥራ የማይሆነው ለዚህ ነው።

በፈረስ አፍና አፍንጫ ላይ ሌላም ነገር ሊታይ ይችላል። በአጭሩ እንንገራችሁ። ክብ ሆኖ ፀጉሩ የተመለጠ፣ ቅርፊት ያለው ነገር ጭርት ሊሆን ይችላል። ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ ነክታችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከኩሬ የጠጣ ፈረስ አፍንጫው ቢደማ አልቅት ገብቶበት ሊሆን ይችላል። መንጋጋው ቢደርቅና እግሩ ቢገተር የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ነው ብላችሁ ፍሩ፤ ፈረስን ቶሎ ይይዛል፣ የሚገባውም በቁስል ነው። ለሃጩ ቢዝረከረክ፣ መዋጥ ቢያቅተውና ጠባዩ ቢለወጥ ግን እጃችሁን ወደ አፉ አታስገቡ። አጥንት ሰንቅሮት ነው ብላችሁ አትፈልጉ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሰውን ይገድላል። ፈጥናችሁ ሐኪም ጥሩ።

አሁን የት እንደደረስን እንንገራችሁና እንጨርስ።

የዳማው አፍንጫ ድኗል። ነጩ ቆዳ አዲስ አወጣ። አባባ አዲስ ልጓም አሠሩ፤ ብየዳውን ራሳቸው ቆመው አስሞረዱ። በአፍንጫው ላይ ከአሮጌ ኮርቻ የተቆረጠ ሰፊ ቆዳ አደረጉ። እኩለ ቀን ላይ ከዋርካው ጥላ ሥር ያሳርፉታል። እሸት ቡና መጓዝ ሲጀምር ዳማው ሥራ ላይ ነበር።

ሁሉም ነገር ግን አልተመለሰም። ውል የነበራቸው ነጋዴ ለሌላ ጋሪ ሰጥተው ነበርና አልመለሱላቸውም። ወረቀቱን አንብበዋል፤ ይቅርታችንንም ሰምተዋል፤ ግን አልመለሱም። የወጣቱ ፈረስ ሕክምና ላይ ነው። እስካሁን አልዳነም። ሁለት እብጠት ደርቋል፤ አንዱ ገና ነው። ባለጋሪዎቹ ተሰብስበው በሳምንት አንድ ቀን የሠሩትን ለእሱ ለመስጠት ተስማምተዋል። ይህን እኛ አልመከርናቸውም። ራሳቸው ያሰቡት ነው።

እኛም አንድ ነገር ለራሳችን አስበናል። ስም መስጠት ቀላል ነው፤ የተሰጠን ስም መልሶ መውሰድ ግን ከባድ ነው። ፊደል የሚያነብ ሰው መጀመሪያ ያያል፣ ከዚያ ይናገራል። አባባ በኩራዝ ብርሃን «መ፣ ር፣ ዝ» ብለው እስኪጨርሱ እጃቸውን ያዙ። እኛ አሥራ አምስት ዓመት ተምረን ምላሳችንን መያዝ አቃተን።

አሁን አባባ በሩ አጠገብ ተመልሰው ተቀምጠዋል። ያስተማርናቸውን ሲያነቡ አንዳንድ ጊዜ እንገምታለን፤ ቃሉን ሳይጨርሱ እንጨርስላቸዋለን። ያን ጊዜ ቀና ብለው ያዩናል። «ቆዩ እንጂ፣ ልጆቼ» ይላሉ። እኛም እንቆያለን።

ለመወያያ

1. በቤታችሁ ያለውን ልጓም አውጥታችሁ በጣታችሁ ዳብሱት። ይቧጭራል?

2. በቤታችሁ ካለ ቆርቆሮ ወይም ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ቀይ መስመር አለው? ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ተቀምጧል?

3. በመንደራችሁ የታመመ እንስሳ ያለው ሰው በሽታውን የሚደብቀው ለምንድን ነው? እንዳይደብቅ ጎረቤት ምን ሊያደርግለት ይችላል?

4. አባባ በዋርካው ላይ የጻፉትን በደብተራችሁ ገልብጡ። ከዚያ እናንተ ለመንደራችሁ ሰዎች ልትነግሩ የምትፈልጉትን ሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉ።